ዕቅዱ ዘጠና፣ እንቅልፉ አርባ ስምንት

ሙሉሐረግ ባንተይርጋን አዋሽ ሰባት ኪሎ አምስተኛ ክፍል ሳለች የተፈጥሮ ሳይንስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዛሬ ሰመራ ባለ አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሰው ለቀዶ ሕክምና ሲተኛ ሰመመን የምትሰጥ ባለሙያ ናት፤ ሥራውን ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም። እንዲታወቅልኝ የምፈልገው በእሷ ላይ የተሠራው ሥራ ነው። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ይሁንና ንዴት ቸኩሎ ከተናገረ ነገሩ ይበላሻልና ከመጀመሪያው ልጀምር።

አባቷ ባንተይርጋ የባቡር ጣቢያው ሠራተኛ ነበር። በዚያን ዘመን ባቡሩ ፉጨቱን ሲያሰማ ግማሹ ከተማ ወደ ጣቢያው ይወርዳል፤ የእኔም ተማሪዎች ልባቸው አብሮ ይወርዳል። እኔ ታዲያ ልባቸውን የምመልስበት ዘዴ ነበረኝ። ከትምህርት ቤቱ በስተጀርባ፣ ጥላ ሥር አንድ ቴርሞሜትር ሰቅዬ፣ ልጆቹ በየሳምንቱ እየተፈራረቁ ልክ በስድስት ሰዓት ሙቀቱን አንብበው በሰፊ ወረቀት ላይ እንዲጽፉ አደረግሁ። የአዋሽን የስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። አብዛኞቹ ከክፍል ሳይወጡ የትናንቱን ይገለብጣሉ። ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ስምንት። የሙሉሐረግ ሳምንት ሲደርስ ብቻ ቁጥሩ ከፍና ዝቅ ይላል።

አንድ ቀን ኳስ ቴርሞሜትሩን መትቶ ሰበረው። ጓደኞቿ፣ «አርባ ብለሽ ጻፊ፤ ማን ያይሻል?» አሏት። እሷ ግን በወረቀቱ ላይ፣ በዕለቱ ሣጥን ውስጥ «ተሰብሯል፤ አላየሁም» ብላ ጻፈች። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ወረቀቴ ተበላሸ ብዬ ከአሥር ስድስት ሰጠኋት። ለገልባጮቹ ዘጠኝ ነበር የሰጠሁት። አልተከራከረችም፤ ወረቀቱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ አስገባችና ወጣች።

አድጋ የሰመመን ትምህርት ተምራ ሰመራ መመደቧን ስሰማ ሥራው ምን እንደሆነ በውል አላውቅም ነበር። ሰው ሁሉ እንደሚያስበው፣ መርፌ ወግቶ መሄድ ይመስለኝ ነበር። እሷ እንዳስረዳችኝ ግን ሰመመን ሰጪ ለአንድ ታካሚ ሦስት ነገር ያደርግለታል። ያስተኛዋል፤ ሕመሙን ይቆርጥለታል፤ ጡንቻውን ያላላለታል። መዘዙ ያለው በሦስተኛው ላይ ነው። ጡንቻው የላላ ሰው ጣቱን ማንቀሳቀስ፣ ዐይኑን መግለጥ፣ መተንፈስ እንኳ አይችልም፤ የሚተነፍስለት ማሽን ነው። ስለዚህ እንቅልፉ ቢሳሳ፣ ከውጭ ለሚያየው ሰው የነቃውና የተኛው አንድ ናቸው። ድሮ የነበራት መለያ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ የግንባር ላብና በዐይን ጥግ የምትወጣ ዕንባ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ በር ላይ ቆሞ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ተኝቷል ወይስ ዝም ብሏል ብሎ እንደመገመት ነው» ብላኛለች።

ሰዒድን ያገኘችው እንዲህ ስትገምት በነበረበት ዘመን ነው።

ሰዒድ የዲቾቶ ጎሚስታ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት ከባድ መኪኖች ጎማቸው ሲተኛ እሱ ጋ ይቆማሉ። አፋር ነው፤ አማርኛውን ከሾፌሮችና ከረዳቶች ስለተማረው የወሎውም፣ የጎንደሩም፣ የአዳማውም አለበት። ባለፈው ዓመት አንድ ጎማ ነፋስ ሲሞላ የብረት ቀለበቱ ፈንድቶ ሆዱን መታው። ሰመራ ሲደርስ በሰውነቱ የደሙ ግማሽ እንኳ የቀረ አይመስልም ነበር። ደሙ እንዲህ ላለቀ ሰው የሚያስተኛውን መድኃኒት አብዝቶ መስጠት አይቻልም፤ ልቡ ቀጥ ይላል። ሙሉሐረግ ልቡ የሚችለውን ያህል ብቻ ሰጠችው። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ራጉኤል የተበጠሰውን አንጀት ቆርጦ ጫፉን በሆዱ በኩል ወደ ውጭ አወጣው፤ ሰውየው እስኪድን ድረስ ቆሻሻው ሆዱ ላይ ወደተለጠፈ ከረጢት እንዲወርድ። ከጥቂት ወራት በኋላ በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና መልሶ ይገጠማል ተባለ። ሰውየው ተረፈ። ሁሉም ደስ አለው።

በአራተኛው ቀን ልትጠይቀው ወደ ክፍሉ ገባች።

«ሲስተር፣ ተቀመጪ» አላት። «ወሬ አለኝ።»

አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ግመል የት እንደታየ፣ ማን እንደታመመ ተቀምጦ ሳይነጋገር አይተላለፍም። ዳጉ ይሉታል። በዳጉ ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ሰማሁ ትላለህ፤ የጨመረ ወይም የቀነሰ ሰው ከዚያ በኋላ ቃሉን የሚቀበለው የለም። ሰዒድ የነገራት በዚያ ወግ ነው።

«መጀመሪያ ዶክተሩ ‘መብራቱን ወደዚህ’ አለ። ከዚያ በቀኜ በኩል ያለችው ሴት ልጇ በሒሳብ እንደወደቀ ተናገረች። ዶክተሩ ‘ሁለት ቦታ ተበጥሷል፤ ይሄ ሰውዬ አይተርፍም’ አለ። አንቺ ‘ይተርፋል፤ ሥራህን ሥራ’ አልሽው። ከዚያ ስልክ ጮኸ። የማን ስልክ እንደሆነ አላየሁም፤ አልጨምርም።»

ሙሉሐረግ የአልጋውን ብረት ያዘች።

«ሰምተህ ነበር?»

«ሰማሁ።»

«ምነው ታዲያ...»

«እጄን ‘ተነሥ’ አልኩት፤ እምቢ አለኝ። አፌን ‘ጩኽ’ አልኩት፤ አፌ የኔ አልነበረም። ወላሂ ሲስተር፣ ሬሳ ቤት ያለሁ መሰለኝ። ‘ሰዒድ፣ ሞተሃል፤ ግን ነገሩን የነገረህ የለም’ አልኩ።»

«ሕመሙስ?»

ሰዒድ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «እሱን አልነግርሽም። አንቺም እንቅልፍ ያስፈልግሻል።»

ለዶክተር ራጉኤል ስትነግረው፣ «ቅዠት ነው፤ መድኃኒቱ ያቃዣል» አላት።

«‘ይሄ ሰውዬ አይተርፍም’ ማለትህንም በቅዠቱ ነው የሰማው?»

ዶክተሩ ቀላ። ራጉኤል ክፉ ሰው አይደለም። በማግስቱ ሄዶ ሰዒድን ይቅርታ ጠየቀው፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ሰው ተኝቶ ሳለ ከሥራ ውጭ ቃል አይተነፍስም። ሰዒድ ይቅርታውን ተቀበለ። ሁለተኛውን ቀዶ ሕክምና ግን እምቢ አለ። «ከረጢቴን ተሸክሜ እቀበራለሁ እንጂ እዚያ አልጋ ላይ አልመለስም» ብሎ ወደ ዲቾቶ ሄደ። ወራቱ አለፉ። በዚያ ሙቀት ከረጢቱ እየተላቀቀ፣ ቆዳው እየቆሰለ፣ ጎማ ለማንሣት ጎንበስ ማለት አቃተው። ልብሴ ይቆሽሽብኛል ብሎ ሰልፍ ውስጥ ገብቶ መስገድ ተወ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው።

በዚህ መካከል ነው ማሽኑ የመጣው። ከአንድ የእርዳታ ፕሮጀክት ጋር በሣጥን ታሽጎ መጣ፤ ብዙዎቹ የልብ መለኪያ መስሏቸው ነበር። ሙሉሐረግ መመሪያውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። እንደ ፕላስተር ያለ ተለጣፊ በታካሚው ግንባር ላይ ይለጠፋል፤ አንጎል ሁልጊዜ ከሚልከው ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ተነሥቶ ማሽኑ አንድ ቁጥር ያወጣል። በደንብ የነቃ ሰው ወደ መቶ ይጠጋል። ለቀዶ ሕክምና የሚሆን እንቅልፍ ከአርባ እስከ ስድሳ ነው። ከዚያ በላይ ከወጣ ታካሚው ሊሰማ ይችላል፤ ከአርባ በጣም ከወረደ ደግሞ እንቅልፉ ከሚያስፈልገው በላይ ጠልቋል፤ ይህም በተለይ ለሽማግሌ አይበጅም። ማሽኑ ነቢይ አይደለም። አንዳንድ መድኃኒት ያታልለዋል፤ ኬታሚን የሚሉት ሲሰጥ ታካሚው ተኝቶም ቁጥሩ ሽቅብ ይሄዳል። ይህን ሁሉ አውቃ፣ ከልብ ምቱና ከደም ግፊቱ ጋር እያስተያየች ነው የምትሠራበት።

ለመጀመሪያ ጊዜ የለጠፈችው ከመልካ ወረር ለመጣች የጥጥ እርሻ ሠራተኛ ነበር። በዚያው ቀን ደወለችልኝ። «ጋሼ» አለችኝ፤ ድምፅዋ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ድምፅ ሆኖ፣ «አንጎል ሲተኛ አየሁ። ዘጠና ሰባት ነበረች፤ እያየኋት ሰማንያ፣ ስድሳ፣ ሃምሳ... ባቡር ጣቢያ ሲገባ ፍጥነቱን እንደሚቀንሰው።»

ለሰዒድም ደወለች። ሰዒድ ብዙ አሰበና፣ «ያ ነገር ግንባሬ ላይ ካለ፣ ቁጥሩን የምታነቢው አንቺ ከሆንሽ እመጣለሁ። ሌላ ሰው ከሆነ ግን ከመኪናው አልወርድም» አላት። ቀን ተቆረጠ። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሁለተኛው ሐሙስ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ደረስኩ።

ሆስፒታሉ የዕቅድና ጥራት ክፍል አለው፤ ኃላፊው ውብሸት ይባላል። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሰላምታው ያማረ፣ በስብሰባ ሰዓት የማይዘገይ ሰው ነው። አዲስ ማሽን ሲገባ በዕቅዱ ላይ አንድ ረድፍ ይጨመራል። ማሽኑ የሚያወጣው ቁጥር ከዜሮ እስከ መቶ መሆኑን ሲሰማ ሌላ ምንም አልጠየቀም። ረድፉን «የአንጎል ውጤት» ብሎ ሰየመው፤ ግቡን ዘጠና አደረገው። ለምን ዘጠና? ሌሎቹ ሁሉ ዘጠና ስለሆኑ።

በሩብ ዓመቱ ግምገማ ሠራተኛው በሙሉ ተሰብስቦ ሠንጠረዡ ግድግዳው ላይ በራ። ሁሉም አረንጓዴ፤ አንዷ ረድፍ ቀይ።

«ሲስተር ሙሉሐረግ» አለ ውብሸት፤ «የደም ኦክስጅን ዘጠና ሰባት። እጅ መታጠብ ዘጠና ሁለት። የታካሚ እርካታ ዘጠና አራት። ያንቺ አርባ ስምንት። ሆስፒታላችንን ወደታች እየጎተተ ያለው ማነው?»

«አርባ ስምንት ትክክል ነው። ከአርባ እስከ ስድሳ ነው መሆን ያለበት።»

«ማን ነው የወሰነው?»

«አንጎል።»

ሰው ሳቀ። ውብሸትም በትሕትና ፈገግ አለ። «ዕቅዱ ላይ የተያዘው ዘጠና ነው።»

«ዘጠና ማለት እኮ ታካሚው ነቅቷል ማለት ነው!»

በዚህ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ከፊት ወንበር ዞር አሉ። «መንቃት በምን ሂሳብ ነው ጥፋት የሚሆነው? እኛ ሠራተኛው ይንቃ እያልን ነው የምንለፋው።»

ሙሉሐረግ ተነሥታ ወጣች። ተናዳ የሄደች መስሏቸው ነበር፤ ማሽኑን እየገፋች ተመለሰች። አንድ ተለጣፊ ከማሸጊያው አውጥታ የውብሸት ግንባር ላይ ለጠፈችው። ቁጥሩ ጥቂት ዋዥቆ ዘጠና ሰባት ላይ ቆመ።

«ይኸው!» አለ ውብሸት፤ ደስታው ከፊቱ ላይ ይነበባል። «ሲሠራበት ይሠራል ማለት ነው።»

«ዘጠና ሰባት የሆነው ስለነቃህ ነው። አሁን በዚህ ቁጥር ሆድህን ብንቀድህ ትወዳለህ?»

«ሲስተር፣ ወደ ግለሰብ አንውረድ። ማሽኑ ይችላል፤ እኔ ላይ ችሏል። ችግሩ አፈጻጸም ነው።»

አጨበጨቡ። አዎ፣ አጨበጨቡ! ዶክተር ራጉኤል ተነሥቶ ሊያስረዳ ሞክሮ ነበር፤ «ዶክተር፣ የሙያ ዝርዝር ውስጥ ባንገባ» ተባለ። ስለ ሰመመን በሚነሣ ክርክር የሙያ ዝርዝር ከተከለከለ የቀረው ምንድን ነው? ተለጣፊው አንዴ ከተለጠፈ ለሌላ ሰው አይሆንም፤ አንዱ የታካሚ ተለጣፊ በዚያ ግንባር ላይ ባከነ።

ሲወጡ የቀዶ ሕክምና ክፍሏ ነርስ ኮከብ ክንዷን ያዘቻት። «ምን ትጨነቂያለሽ? ኬታሚን እየሰጠሽ አስተኚያቸው፤ ቁጥሩ ሰማይ ይወጣልሻል። የዓመቱ ኮከብ ሠራተኛ ትባያለሽ።»

«ኮከቡን ላንቺ ትቼልሻለሁ» አለቻት፤ ሁለቱም ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቁ ግን ሁለት ቀን አልቆየም። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ ደረሳት። አንብቤዋለሁ። «ከተሰጠዎት ግብ 90 ውስጥ 48 ብቻ በማስመዝገብዎ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠዎት ሲሆን፣ እስከ ፋሲካ ማግስት ድረስ ካላሻሻሉ ወደ ካርድ ክፍል ተዛውረው እንዲሠሩ የሚደረግ መሆኑን እናሳውቃለን።» የፋሲካ ማግስት ማለት ከሰዒድ ሐሙስ ዐሥር ቀን ቀደም ብሎ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ሰመመን ሰጪ የታካሚ ካርድ ስትፈልግ ትውላለች፤ ሰዒድም ከመኪናው አይወርድም።

በሆሳዕና ሰሞን እናቷን ልትጠይቅ አዋሽ መጣችና ቤቴ ጎራ አለች። ደብዳቤውን አሳየችኝ። የኔንም ጥፋት ልንገራችሁ። እኔ የዕድሜ ልክ መምህር፣ መነጽሬን አውልቄ ምን አልኳት?

«ልጄ፣ ከማስተኛትሽ በፊት ያለውን ቁጥር ጻፊላቸው። ዘጠና ሰባት አይደል? ውሸትም አይሆንብሽም፤ በዐይንሽ ያየሽው ነው። ወረቀት ሰው አያሳምምም።»

«ጋሼ፣ ያን ወረቀት ከኔ በኋላ የሚያነበው ሰው አለ» አለች። «የሚቀጥለው ሰመመን ሰጪ የሰዒድን ካርድ ገልጦ ዘጠና አምስት፣ ዘጠና አምስት የሚል ካየ ሁለት ነገር ነው የሚያስበው። ወይ ‘ይህ ሰው መድኃኒት አይዘውም’ ብሎ ያበዛበታል፤ ልቡን ያቆመዋል። ወይ ‘ዘጠና አምስት ደህና ነው ማለት ነው’ ብሎ ሌላ ሰው እንደነቃ ያስቀድዳል። ወረቀት ነው የሚያሳምመው፣ ጋሼ።»

አንገቴን ደፋሁ። ለገልባጮቹ ዘጠኝ ስሰጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ውብሸትን ከየት መጣ እላለሁ፤ ከእኔ ክፍል ነው የመጣው። በእኛ መጽሐፍ ሃምሳ ማለፊያ ነበር፤ ከሃምሳ በታች ሰነፍ፣ ዘጠና ጎበዝ። ቁጥሩ ምን ይለካል ብሎ የጠየቀ ተማሪ አላስታውስም። እሷ ነበረች፤ ለእሷም ስድስት ሰጠሁ።

ሆስፒታሉ በየሩብ ዓመቱ ከከተማው ሕዝብ ጋር የሚወያይበት መድረክ አለው። የዚያ ሩብ መድረክ በጸሎተ ሐሙስ ዋዜማ ነበር። አብሬያት ሰመራ ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ የአፋር ሽማግሌዎች፣ ሾፌሮች፣ ነጋዴዎች፣ እንደኔ ያሉ ጡረተኞች ተቀምጠዋል። ማራገቢያው ሙቅ አየር ያዞራል። ከኋላ በር አጠገብ፣ ሰፊ ሸሚዝ ለብሶ በአንድ እጁ ሆዱን ደገፍ አድርጎ የቆመ ቀጭን ሰው ነበር። ሙሉሐረግ ስታየው ደነገጠች። «ሰዒድ ነው» አለችኝ። «እኔ አልጠራሁትም።» ኮከብ ነበረች የደወለችለት።

ውብሸት ሠንጠረዡን አበራ፤ ቀዩ ረድፍ ላይ ሲደርስ፣ «ይህች ብቻ ቀርታናለች። የባለሙያ የአመለካከት ችግር ስለሆነ ሰው በመቀየር የምንፈታው ይሆናል» አለ።

ሰዒድ እጁን አነሣ። ሰብሳቢው አላየውም፤ ወይም እንዳላየ ሆነ። ከፊት የተቀመጡት አባ ጣሃ የሚባሉ ሽማግሌ ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ሰውየው ይናገር።»

«ስሜ ሰዒድ ነው። ዲቾቶ ጎማ እሠራለሁ» አለ። «ይህ ዘጠና የምትሉት ሰውየው እየተቀደደ ሳለ የሚለካ ነው?»

«በትክክል» አለ ውብሸት። «በቀዶ ሕክምናው ወቅት።»

«ዘጠና የሆነ ሰው ይሰማል?»

ውብሸት ወደ ዶክተር ራጉኤል ተመለከተ። ራጉኤል ቆመ። «ይሰማል» አለ።

«ያመዋል?»

«ሊያመው ይችላል።»

«እንግዲያውስ» አለ ሰዒድ፤ «ዕቅዳችሁን ያሳካሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያም ነገራቸው። መብራቱን፣ በሒሳብ የወደቀውን ልጅ፣ አይተርፍም መባሉን፣ የባለቤቱን ማንነት ያላወቀውን ስልክ። ለሙሉሐረግ ያልነገራትንም ነገራቸው፤ እኔ እዚህ አልጽፈውም። ሾፌሮቹ አንገታቸውን ደፉ፤ አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ሙሉሐረግ ዐይኗን ከወለሉ አላነሣችም።

«ያኔ ማሽኑ አልነበረም እንጂ ቢኖር፣ ወላሂ ዘጠናም አልፌ ነበር» አለ ሰዒድ። «እና የምስክር ወረቀቴ የታለ? ይህቺ ሴትዮ አርባ ስምንት ስላመጣች ካርድ ክፍል ከገባች፣ ለሁለተኛው ቀዶ ሕክምና እናንተ ትመጡልኛላችሁ? አቶ ውብሸት፣ አንተ ታስተኛኛለህ? በዕቅድህ?»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ወዲያው ሞተ።

አባ ጣሃ ዘወር ብለው፣ «ሰዒድ፣ ይህን በዳጉ ነው የምትናገረው?» አሉት።

«በዳጉ ነው፣ አባ።»

ሽማግሌው ወደ መድረኩ ዞሩ። «ሰምታችኋል» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

እኔ የጠበቅሁት አንድ ሰው ተነሥቶ «ተሳስተናል» እንዲል ነበር። አንዲት ቃል። ውብሸት ግን ላቡን ጠርጎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የተከበሩ ታካሚያችን የሰጡት አስተያየት እንደ ግብዓት ተወስዷል።» የሰው ስቃይ ግብዓት! እንደ ሲሚንቶ፣ እንደ ማዳበሪያ! በዚህ ዕድሜዬ ወንበር አንሥቼ ልወረውር ምንም አልቀረኝም፤ ሙሉሐረግ ኮቴን ጎተተችኝ።

ግብዓቱ ምን እንዳፈራ ከበዓሉ በኋላ ታየ። ግቡን አርባ እስከ ስድሳ ብለው አላረሙትም፤ ማረም ስሕተት ነበር ብሎ ማመን ነው። ረድፉን በሙሉ ከሠንጠረዡ ሰረዙት። ረድፉ ከጠፋ ቀዩም ጠፋ፤ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ዝውውሩ ቀረ። ማስጠንቀቂያው ግን ፋይሏ ውስጥ ነው። «ቁጥር የወጣበትና ማኅተም ያረፈበት ስለሆነ አይሳብም» ተባለች።

በሐሙሱ ሰዒድ ከመኪናው ወረደ። ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ገብቶ አልጋው ላይ ራሱ እንደወጣ ነግራኛለች። ግንባሩን በአልኮል ጠርጋ ለጠፈችለት። ማሽኑን ወደሱ አዞረችው፤ ልማድ አይደለም፤ ለሱ ብላ አደረገችው።

«ስንት ይላል?» አላት።

«ዘጠና ስምንት።»

«ውብሸት ይወደኛል በያ» አለ። ከዚያ «ቢስሚላህ» አለና ዐይኑን ጨፈነ። ዘጠና፣ ሰባ አራት፣ ስድሳ አንድ፣ አርባ ሰባት። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ዐይኗን ከቁጥሩ አላነሣችም። አንዴ ወደ ስድሳ ሦስት ሲወጣ መድኃኒቱን ጨምራ መለሰችው፤ በድሮው ጊዜ ቢሆን ያችን አታያትም ነበር። ራጉኤል ከ«መቀስ» እና ከ«ክር» በቀር አልተናገረም። በየዐሥር ደቂቃው ያየችውን ቁጥር፣ ያን ስድሳ ሦስትም ጭምር፣ ወረቀቱ ላይ ጻፈች።

ሲነቃ ጠጋ ብላ፣ «ሰዒድ፣ ምን ሰማህ?» አለችው።

ያስታውስ፣ ይፈትሽ ነበር። «ምንም» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ደግሞ ቅር ያለው ይመስል፣ «ምንም! አሁን ዲቾቶ ስገባ ምን ብዬ ነው የማወራው?» አላት። ሆዱ ላይ ያለውን ፋሻ ዳሰሰ፤ ከረጢቱ የለም። አለቀሰ፤ እሷም።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ነገር ግን በሰኔ ተለጣፊዎቹ እያለቁ መጡና እንዲገዛ ጥያቄ ጻፈች። መልሱ በአንድ መስመር መጣ፤ በዕቅዱ ላይ እንዲህ የሚባል መለኪያ ስለሌለ ግዥ ሊፈጸምለት አይችልም። ረድፉን የሰረዘው እጅ ነው መልሱንም የፈረመው። እኔ ላመልክት፣ ልጻፍ፣ ልሂድ አልኩ፤ «ጋሼ፣ ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ዶክተር ራጉኤልም ፈርሞበታል፤ እስኪመልሱ ሥራ አለብኝ» አለችኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ደክሟል።

«ዛሬ ሁለት ሴቶች ነበሩኝ።»

«ለማንኛዋ ለጠፍሽ?»

«ከአዳይቱ ለመጣችው። ደሟ ብዙ ፈስሷል፤ መድኃኒት ላበዛባት አልችልም ነበር። በአርባ አምስትና በሃምሳ አምስት መካከል ይዣት ወጣሁ።»

«ሌላዋስ?»

«ሌላዋን እንደ ድሮው፤ ዐይኗን ዐይኗን እያየሁ። ስትነቃ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጠየቅኋት። አልሰማሁም አለችኝ። ሦስት ተለጣፊ ቀርቶኛል፣ ጋሼ። ነገ ጠዋት ደግሞ አራት ታካሚ አለ፤ ካርዳቸውን እያነበብኩ ነው።»